የሳሳ አየርና የኮምፒውተር ማራገቢያ

(ድምፅ፦ የላፕቶፕ ማራገቢያ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ከዚያ ይዳከማል።)

አሁን የሰማችሁት ድምፅ በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ሀና ማርያም፣ በየቢሮው፣ በየፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቱ፣ በየኮንዶሚኒየሙ መኝታ ክፍል የሚሰማ ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት ሥራውን ሲጀምር ይነሳል። የአርክቴክቸር ተማሪዋ የሳለችውን ሕንፃ ከነጥላው ከነብርሃኑ ልታወጣ ስትል ይበረታል። ድምፁ የሚመጣው ከኮምፒውተሩ ማራገቢያ ነው፤ ጠጋኞች ፋን ይሉታል።

ብዙ ሰው ያንን ጩኸት ሲሰማ ኮምፒውተሩ ሊበላሽ ነው ብሎ ይሰጋል። ሌላው ደግሞ ዝም የሚያሰኝበትን ዘዴ ይፈልጋል፤ ዘዴውም አለ። የማራገቢያን ፍጥነት ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ፣ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ከ20 ዓመት በላይ ሲሠራባቸው ቆይቷል። የዛሬው ዝግጅት እነዚህ ፕሮግራሞች እንዴት እንደሚሠሩ ያስረዳል። ከዚያም አልፎ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ የሚኖር ሰው ማራገቢያውን ከማዘግየቱ በፊት ማወቅ ያለበትን ያነሳል።

በቅድሚያ ስለ ሙቀቱ። ኮምፒውተር ከሶኬት የሚስበው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም መጨረሻው ሙቀት ነው። የቀላል ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ብዙውን ጊዜ ለ15 ዋት ተብሎ ይሠራል። ለጌምና ለቪዲዮ ሥራ የታሰቡት 45 ዋትና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ፤ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ደግሞ ከ65 ዋት ተነስተው 100 ዋትን የሚያልፉ አሉ። ቁጥሩ ከአንድ የድሮ አምፖል ብዙም አይበልጥም። ከባድ የሚያደርገው ይህ ሁሉ ሙቀት ከጣት ጥፍር እምብዛም ከማይሰፋ የሲሊከን ቁራጭ መውጣቱ ነው። ስለዚህ በላዩ ላይ ከመዳብ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ሂት ሲንክ ይጫናል። በሁለቱ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፍ፣ ፔስት የተባለ ቅባት ይቀባል። ማራገቢያው በሂት ሲንኩ ቀጫጭን ክንፎች መሐል አየር እያሳለፈ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ይህ ሰንሰለት ሲበጠስ የሚሆነውን ዓለም በዓይኑ ያየው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ቶማስ ፓብስት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የመሠረተው ቶምስ ሃርድዌር የተሰኘ የኮምፒውተር ድረ ገጽ፣ ሥራ ላይ ካሉ ፕሮሰሰሮች ሂት ሲንካቸውን እያነሳ የሚሆነውን በቪዲዮ ቀረጸ። የኢንቴል ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ ሥራውን ቀጠለ። ቀዳሚው ፔንቲየም 3 ባለበት ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ነገር ግን ተረፈ። የኤኤምዲ አትሎን ግን በሰከንዶች ውስጥ ጭሶ ተቃጠለ። ያ ቪዲዮ በኢንዱስትሪው ላይ ትልቅ ጫና አሳደረ። ዛሬ የሚሸጡ ፕሮሰሰሮች ሁሉ ራሳቸውን የሚጠብቁበት መላ አላቸው፤ ለብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ገደቡ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደዚያ ሲጠጉ ራሳቸውን ያዘገያሉ፤ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ላፕቶፑ ከጊዜ ወደ ጊዜ ሲንቀራፈፍበት አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ወደ ጠጋኝ ነው፤ የሚጠይቀውም ፎርማት እንዲደረግለት ነው። ፎርማት ይደረጋል፣ ፋይሎች ይጠፋሉ፣ ገንዘብ ይከፈላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ላፕቶፑ እንደቀድሞው ይንቀራፈፋል፤ ምክንያቱም ያዘገየው ቫይረስ ሳይሆን ሙቀት ነበር። ከመጀመሪያው ሙቀቱን የሚለካ ጠጋኝ ደንበኛውን ከዚህ ሁሉ ያድነዋል።

አሁን ማራገቢያው እንዴት እንደሚታዘዝ እንይ። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሲከፈት በዋናው ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ሲፒዩ ፋን የሚል ጽሑፍ አጠገቡ ያለ ትንሽ ሶኬት ይገኛል፤ አራት ሹሎች አሉት። አንደኛው መሬት ነው። ሁለተኛው 12 ቮልት ያመጣል። በሦስተኛው ማራገቢያው ስለራሱ ይናገራል፤ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሁለት ምት ይልካል። ማዘርቦርዱ በአንድ ሰከንድ 40 ምት ከቆጠረ ማራገቢያው በሰከንድ 20 ጊዜ፣ በደቂቃ 1200 ጊዜ እየዞረ ነው ማለት ነው። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የምናየው የዙር ቁጥር የሚመጣው ከዚህች ሽቦ ነው።

አራተኛው ሹል ትእዛዝ የሚወርድበት ነው። ትእዛዙ በሰከንድ 25 ሺህ ጊዜ የሚደጋገም የማብራትና የማጥፋት ምት ነው። ከእያንዳንዱ ምት የበራበት ጊዜ ሩብ ከሆነ ማራገቢያው በዝግታ እንዲዞር ታዟል፤ ሦስት አራተኛ ከሆነ እንዲፈጥን ታዟል፤ ያለማቋረጥ ከበራ ያለ የሌለ ኃይሉን ይሰጣል። 25 ሺህ የተመረጠበት ምክንያት አለው። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ ገደማ በላይ ያለውን ንዝረት ስለማይሰማ የምቱ ድምፅ ማንንም አይረብሽም። ይህንን አሠራር ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በዝርዝር መመሪያ አውጥቶለት ማራገቢያ ሠሪዎች ሁሉ ተከትለውታል።

በቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኘው ባለሦስት ሹል ማራገቢያ ይህ አራተኛ መስመር የለውም። የሚዘገየው 12 ቮልቱን ወደ 9፣ ወደ 7 በመቀነስ ነው፤ በጣም ከተቀነሰበት ደግሞ ጭራሹን ይቆማል። አሮጌ ማራገቢያ ሊቀይር ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ሹሎቹን ቆጥሮ መሄድ አለበት።

ምቱን የሚያመነጨው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ አነስተኛ ቺፕ ነው፤ በብዙ ሰሌዳዎች ላይ ኑቮቶን ወይም አይቲኢ የተባሉ የታይዋን ኩባንያዎች ስም ይነበብበታል። ይህ ቺፕ ሙቀቱን ይለካል፣ ዙሩን ይቆጥራል፣ ባዮስ ከተባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ፕሮግራም በተሰጠው ሠንጠረዥ መሠረት ፍጥነቱን ይወስናል። የማራገቢያ ሶፍትዌር ከዚህ የተለየ ምትሃት የለውም። ቺፑን ከባዮሱ እጅ ተቀብሎ የራሱን ሠንጠረዥ ይሰጠዋል፣ በቃ።

በዊንዶውስ ላይ ለረጅም ዓመታት ስሙ የገነነው ስፒድፋን ነበር፤ ጣሊያናዊው አልፍሬዶ ሚላኒ ኮምፓሬቲ የጻፈው ነው። ለዓመታት ስላልታደሰ አዳዲስ ቺፖችን አያውቅም፤ አሁን በብዛት ቦታውን የያዘው ፋን ኮንትሮል የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ለግራፊክስ ካርድ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር አለ፤ ለአፕል ደግሞ ማክስ ፋን ኮንትሮል። በሊኑክስ በኩል እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ኤልኤም ሴንሰርስ የተሰኘ ሥራ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ሊኑክስ ለማስተማር ይመቻል፤ ማራገቢያው እንደ ተራ ፋይል ሆኖ ይታያልና። በፋይሉ ውስጥ 255 ሲጻፍ ሙሉ ትእዛዝ ነው፣ 128 ግማሽ ነው፣ 0 ደግሞ ቁም ማለት ነው።

ከኤልኤም ሴንሰርስ ጋር የሚመጣ አንድ ረዳት ፕሮግራም ማራገቢያዎቹን በየተራ እያቆመ የትኛው ቁጥር የትኛውን ማራገቢያ እንደሚያዝ ይለያል። ሁለት ቁጥሮችንም ይመዘግባል፤ ማራገቢያው የሚቆምበትንና ከቆመበት የሚነሳበትን። እነዚህ ሁለቱ እኩል አይደሉም። የቆመን ማራገቢያ ማስነሳት፣ በመዞር ላይ ያለውን ለማስቀጠል ከሚያስፈልገው የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ይህንን የማያውቅ ሰው በጣም ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጥና ማራገቢያው አንዴ ከቆመ በኋላ ሳይነሳ ይቀራል።

እስካሁን የተነገረው በአብዛኛው የጠረጴዛ ኮምፒውተርን ይመለከታል። ከዱባይና ከአሜሪካ አገልግለው ወደ አዲስ አበባ የሚገቡት ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ላፕቶፖች ግን ሌላ ባሕርይ አላቸው። በላፕቶፕ ውስጥ ማራገቢያውን፣ ቁልፎቹንና የባትሪውን ሙሌት የሚቆጣጠር ለብቻው የተቀመጠ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። የዚህ ኮምፒውተር ቋንቋ ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። አንዱ ላይ የሠራ ፕሮግራም ሌላው ላይ አልሠራ ማለቱ ከዚህ የመጣ ነው።

የሌኖቮ ቲንክፓድ ለዚህ ሥራ ከሁሉም የተመቸ ነው። በሊኑክስ ከ0 እስከ 7 ያሉ ደረጃዎችን ይቀበላል፤ ራሱ እንዲወስን መተውም ይቻላል። የሊኑክስ አዘጋጆች ግን ይህንን በር ዘግተው ነው የሚሰጡት፤ ተጠቃሚው አውቆ ካልከፈተው ማራገቢያው አይታዘዝም። ከዚህም በላይ የደኅንነት ሰዓት አበጅተውለታል። ተጠቃሚው እስከ 120 ሰከንድ የሚደርስ ጊዜ ይሞላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ ትእዛዝ ካልመጣ ማራገቢያው ወደ ራሱ አስተዳደር ይመለሳል። የሚያዝዘው ፕሮግራም በመሐል ቢሞት ላፕቶፑ አብሮ አይጠበስም። ይህ በጥንቃቄ የታሰበ ሥራ ነው፤ ማንኛውም የማራገቢያ ፕሮግራም ሲመረጥ መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው፦ ፕሮግራሙ ድንገት ቢዘጋ ማራገቢያው ምን ይሆናል?

በዴል በኩል ማሲሞ ዳል ዞቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ለኢንስፓይሮን 8000 ላፕቶፕ የጻፈው የሊኑክስ ፕሮግራም መንገዱን ጠርጓል። ኤችፒ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ዝግ ነው፤ በብዙዎቹ የቢሮ ላፕቶፖቹ ላይ በባዮሱ ውስጥ የሚገኘው ምርጫ፣ ቻርጀር ሲሰካ ማራገቢያው ሁልጊዜ ይዙር ወይስ አይዙር የሚል ነው።

(ድምፅ፦ አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ።)

ውድ አድማጮች፣ አሁን የዝግጅታችን ዋና ጉዳይ ወደሆነው ወደ ከፍታ ደርሰናል። ከጅቡቲ ተነስቶ ለቡ ጣቢያ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር ከባሕር ጠረፍ ከ2000 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይወጣል። መንገደኛው ትንፋሹ ሲያጥር ከፍታውን ያውቀዋል። ኮምፒውተርም ያውቀዋል። በ2200 ሜትር አካባቢ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 76 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው አየርም በዚያው ልክ የሳሳ ነው።

ማራገቢያ የሚገፋው አየር በስፍር የተወሰነ ነው፤ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው ሊትር ጅቡቲም ላፍቶም አይለወጥም። ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ነው። በሰዓት 30 ሜትር ኩብ የሚገፋ ማራገቢያ በጅቡቲ 35 ኪሎ ገደማ አየር ያሳልፋል። ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነትና በዚያው የአየር ሙቀት ላፍቶ ላይ 27 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የጎደለውን ለማካካስ ማራገቢያው ፍጥነቱን በ30 በመቶ መጨመር አለበት። አዲስ አበባ ላይ ፋኖች ሲጮኹ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ትልልቅ ኮምፒውተር ሠሪዎች ይህንን በሰነዳቸው ጽፈውታል። ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ለብዙዎቹ የፕሮላያንት ሰርቨሮቹ የሚፈቅደው የክፍል ሙቀት በባሕር ጠረፍ 35 ዲግሪ ነው፤ በየ305 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። ሒሳቡን በ2200 ሜትር ላይ ብናሠራው የሚፈቀደው ሙቀት ወደ 28 ዲግሪ ይወርዳል። ሰርቨር ክፍሉን 32 ዲግሪ ላይ አድርጎ መመሪያው 35 ይፈቅዳል የሚል የቢሮ ባለሙያ ካለ፣ ቀጥሎ ያለውን መስመር አላነበበም ማለት ነው።

በሌላ በኩል ተፈጥሮ የወሰደችውን በከፊል ትመልሳለች። የጅቡቲ የሞቃት ወራት ቀን 40 ዲግሪን ሲያልፍ የአዲስ አበባ ቀን 30 ዲግሪ መድረሱ ብርቅ ነው፤ የዓመቱ አማካይ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀዝቃዛ አየር ለኮምፒውተር በረከት ነው። ይህ ግን የሚሠራው አየሩ ወደ ኮምፒውተሩ ሲደርስ ነው። በመጋቢት ቀትር ፀሐይ የመታው የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ፣ መስኮቱ በተዘጋ የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ፣ ወይም ብርድ ልብስ ላይ በተቀመጠ ላፕቶፕ ሥር ያለው አየር የአዲስ አበባ አየር አይደለም። በብርድ ልብስ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ ከሥሩ አየር የሚስብባቸው ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፤ ማራገቢያው ቢፈጥንም የሚያገኘው የራሱን ትኩስ ትንፋሽ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ፍርድ ግልጽ ነው። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው የማራገቢያ ሶፍትዌርን ለማፍጠን ቢጠቀምበት በቂ ምክንያት አለው። ለማዘግየት ቢጠቀምበት ግን ከፍታው አስቀድሞ ከወሰደበት ላይ ራሱ ይቀንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ የሚኖር ሰው ሞክሮ ያማረለትን ቁጥር ቀጥታ ገልብጦ እዚህ መጠቀም ትክክል አይደለም።

ሶፍትዌሩ ከመነካቱ በፊት ደግሞ አቧራ አለ። ንፋስ ስልክ ላፍቶ የግንባታ ሠፈር ነው፤ በበጋ ወራት ከለቡና ከጀሞ መንገዶች የሚነሳው ደቃቅ አቧራ በበርና በመስኮት ይገባል። ቡና በሚቆላበትና እጣን በሚጨስበት ቤት ጭሱ አቧራውን ያጣብቀዋል። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ በሂት ሲንኩ ክንፎችና በማራገቢያው መካከል እንደ ወፍራም ጨርቅ የተደለደለ ግራጫ ሽፋን ይሠራል። በዚህ ጊዜ ማራገቢያውን በሶፍትዌር ማፍጠን፣ በጨርቅ በተደፈነ መስኮት ፊት ቬንትሌተር እንደማፍጠን ነው። ድምፁ ይጨምራል፤ አየር አያልፍም።

ስለዚህ ጽዳት ይቀድማል። ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ከተከፈተ በኋላ የባትሪው ሽቦ ይላቀቃል። ጠጋኞች ብሎወር በሚሉት መንፊያ ሲነፋ የማራገቢያው ክንፎች በጣት ወይም በቀጭን እንጨት መያዝ አለባቸው። በብሎወር ኃይል ከአቅሙ በላይ የዞረ ማራገቢያ መሽከርከሪያው ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያሰማውን የማንኳኳት ድምፅ የትኛውም ፕሮግራም አያስወግደውም። በአፍ መንፋት እርጥበት ያስገባልና አይመከርም። ሂት ሲንኩ ከተነሳ የደረቀው ፔስት በአልኮል ተጠርጎ አዲስ ይቀባል። ከዚህ ሥራ በኋላ ብዙ ላፕቶፖች ያለ ምንም ሶፍትዌር ዝም ይላሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ድምፁን ለመቀነስ እውነተኛ ምክንያት ያላቸው ሰዎች አሉ። በጀሞ ኮንዶሚኒየም ክፍሉ ውስጥ መጽሐፍ እያነበበ ለዩቲዩብ የሚቀርጽ ሰው የማራገቢያው ድምፅ በማይክሮፎኑ ይገባበታል። ለእሱ የሚበጀው የማራገቢያን ጠባይ ማወቅ ነው። የማራገቢያ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚያልፈው አየርም በእጥፍ ይጨምራል፤ የሚበላው ኃይል ግን 8 እጥፍ ይሆናል፣ ድምፁም በ15 ዴሲቤል አካባቢ ይጨምራል። ይህ ሕግ ወደ ታችም ይሠራል። ፍጥነቱን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ድምፁን በብዙ ይቀንሳል። እንግዲህ ቀራጩ ማራገቢያውን ማቆም አያስፈልገውም። ኮምፒውተሩን ለቀረጻ ብቻ አድርጎ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ቢዘጋ፣ ፕሮሰሰሩም በኃይል ቁጠባ ላይ እንዲሆን ቢያደርግ ሙቀቱ ራሱ ይወርዳል፤ ማራገቢያውም ተከትሎ ይረጋጋል። ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ ማራገቢያውን አፍኖ ከመያዝ ሁልጊዜ ይሻላል።

አሁን ወደ አሠራሩ። ማንኛውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት ይለካል። በዊንዶውስ ኤችደብልዩ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ሙቀትና የማራገቢያውን ዙር ያሳያል። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታና ከባድ ሥራ ላይ 15 ደቂቃ ሲቆይ ያሉት ቁጥሮች በወረቀት ይያዛሉ። ከባድ ሥራ ላይ ከ80 ዲግሪ በታች የሚቆይ ኮምፒውተር ምንም አያስፈልገውም። ከ95 በላይ የሚመላለሰው ጽዳት ይፈልጋል፤ ጽዳቱ ካልበቃው ማራገቢያው ቀድሞ እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል።

የጠረጴዛ ኮምፒውተር ያለው ሰው መጀመሪያ ባዮሱን ቢያይ ይመረጣል። በዘመናዊ ማዘርቦርዶች ባዮስ ውስጥ ሙቀቱና ፍጥነቱ በመስመር ተስሎ ይገኛል፤ እዚያ የተደረገ ለውጥ ዊንዶውስ ቢበላሽም ይሠራል። ለጅምር የሚሆን መስመር ይህን ይመስላል፦ እስከ 40 ዲግሪ 30 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ 55 በመቶ፣ በ75 ዲግሪ 80 በመቶ፣ ከ85 ዲግሪ ጀምሮ ሙሉ። የመጨረሻው ነጥብ ለድርድር አይቀርብም። መስመሩ በጣም ቀጥ ያለ ሽቅብ ሲሆን ማራገቢያው በየሰከንዱ ከፍ ዝቅ እያለ ጆሮ ያሰለቻል፤ ለዚህም ፕሮግራሞቹ ፍጥነቱ ከመቀየሩ በፊት ጥቂት ዲግሪ ወይም ጥቂት ሰከንድ የሚታገሡበት ማስተካከያ አላቸው። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን አስተኝቶ መቀስቀስና ዙሩን እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ከእንቅልፍ በኋላ ትእዛዛቸውን ይረሳሉ።

ስለ ደኅንነት አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች ወደ ቺፑ ለመድረስ ከዊንዶውስ ልብ ጋር በቀጥታ የሚነጋገር ድራይቨር ይጠቀማሉ። ብዙዎቹ ለዓመታት የተመኩበት ዊንሪንግዜሮ የተባለው ድራይቨር ለክፉ ሰዎችም በር የሚከፍት ሆኖ በመገኘቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የማይክሮሶፍት ዲፌንደር እንደ አደጋ ያስጠነቅቅበት ጀመር። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ዲፌንደርን መዝጋት መፍትሔ አይደለም፤ የታደሰውን ፕሮግራም ማውረድ ነው። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ወይም በቴሌግራም ቻናል የተለጠፈ የማራገቢያ ፕሮግራም ደግሞ ማን እንደነካካው አይታወቅም። ከሠሪው ገጽ ካልተገኘ ቢቀር ይሻላል።

ጉዳዩ ከላፕቶፕ በላይ ያድጋል። በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ የዳታ ማዕከል ከፍተዋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ባለፉት ዓመታት ለቢትኮይን አምራቾች ኃይል ሲሸጥ ቆይቷል፤ የእነሱ ማሽኖች በደቂቃ እስከ 6000 ጊዜ በሚዞሩ ማራገቢያዎች ነው የሚቀዘቅዙት፣ ፍጥነቱንም የሚወስነው ሶፍትዌር ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ማራገቢያዎች በአንድ አዳራሽ ሲዞሩ የከፍታው ጉዳይ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ጉዳይ ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ ማራገቢያ የሌላቸው ኮምፒውተሮች አሉ። ከ2000 ዓ.ም ጀምሮ በሺዎች እየተቆጠረ ለኢትዮጵያ ሕፃናት የታደለው አረንጓዴና ነጩ ኤክስኦ ላፕቶፕ ማራገቢያ አልነበረውም፤ ፕሮሰሰሩ የሚያወጣው ሙቀት ጥቂት በመሆኑ አላስፈለገውም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ኤም 1 ማክቡክ ኤርም እንዲሁ ነው። አቧራ የሚበዛበት ቦታ ለሚሠራ፣ ሥራውም ጽሑፍና ኢንተርኔት ብቻ ለሆነ ሰው ማራገቢያ የሌለው ኮምፒውተር ጥሩ ምርጫ ነው።

በመጨረሻም ሁለት ጥሪ። አንደኛው ለሙያ አስተማሪዎች ነው። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ ይሰጣል፤ ክፍለ ከተማውም የንፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ መገኛ ነው። ሠልጣኞች የከፍታውን ሒሳብ፣ የአራቱን ሹሎች ሥራና የሙቀት ልኬትን በተግባር ቢማሩ ብዙ ኮምፒውተር ከጥፋት ይድናል። ሁለተኛው ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው ነው። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ከባድ ቪዲዮ ክፈቱበትና 15 ደቂቃ ይሥራ። ማራገቢያው ሲነሳ ጆሯችሁን አስጠጉ፤ ንጹሕ የነፋስ ድምፅ ከሆነ ደህና ነው፣ የሚያንኳኳ ወይም የሚያፏጭ ከሆነ መሽከርከሪያው አልቋል። እጃችሁን በአየር መውጫው ፊት ያዙ። ማራገቢያው እየጮኸ ትኩስ አየር ካልወጣ ውስጡ በአቧራ ተዘግቷል ወይም ፔስቱ ደርቋል፤ ሻጩ አጽድቶ እስኪያሳያችሁ ድረስ ገንዘባችሁን አትክፈሉ።